የሳረል ትርፍ መስታወቶች

በሌኒ ፎርታይን ቤት አሥራ አራት መስታወት አለ። ፊቷን በወጉ የምታይበት ግን አንድም የለም።

መታጠቢያ ቤት የተሰቀለው አፍንጫዋን የድንች ያህል አድርጎ ነው የሚያሳያት። ባሏ ሳረል ከሠራቸው ሁለተኛው ነው፤ ለቴሌስኮፕ አልሆን ሲል ለጢም መላጫ ይሁን ብሎ ሰቀለው። እሱ ደስ ብሎት ይላጭበታል። ሌኒ ግን የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ ጊዜ ቀና ብላ ካየችው ወዲህ አንገቷን ደፍታ መታጠብ ለምዳለች። እህቷ ከኪምበርሊ ልትጠይቃት የመጣች ጊዜ ከመታጠቢያ ቤቱ እየሮጠች ወጥታ፣ "ሌኒ፣ እኔ እንዲህ ሆኛለሁ እንዴ?" ብላ አልቅሳለች።

ሦስተኛው መስታወት ጭልፊት እንዲያባርር የዶሮዎቹ አጥር ላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ያባረረው ዶሮዎቹን ነበር፤ ሁለት ሳምንት እንቁላል አልጣሉም። ሰባተኛውን ሌኒ አንድ ቀን ሳታስብ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችውና ገበያ ሄደች። ስትመለስ ፀሐይ ገብታበት፣ እሱም ፀሐይዋን ሰብስቦ ሁለት እርምጃ ርቆ የተሰቀለው መጋረጃ ላይ ጥሎ፣ መጋረጃው መሀል ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ እየጨሰ ጠበቃት። ከዚያ ወዲህ ሰባተኛው በትራስ ልብስ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይኖራል፤ እንደ ተቀጣ ተማሪ።

ሳረል በደ አር ከተማ የባቡር ጋራዥ ሠላሳ አራት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሞ ነው ጡረታ የወጣው። በእንፋሎት የሚሄዱት ባቡሮች ሲቀሩ ጋራዡም ተዘጋ፣ እሱም እጁን የሚያደርግበት አጣ። አንድ ወር ሙሉ ከወንበር ወንበር ሲቀያየር ከረመ። በዚያው ሰሞን የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህሩ ሬጂ አምስት ሰው ያለበት የቴሌስኮፕ ማኅበር አቋቋመ። "ኦም ሳረል፣ የርስዎ እጅማ ለዚህ ነው የተፈጠረው" አለው፤ እዚያ አገር ታላቅን ወንድ ኦም፣ ሴቷን ታንት ብሎ መጥራት ወግ ነው። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት።

"የሌላው ሰው ባል ጡረታ ሲወጣ ይጠጣል፤ የኔው ብርጭቆ ያሻል" ብላ ነበር ሌኒ ለጎረቤቷ ለሱዛራ።

"ታዲያ የቱ ይሻላል?"

"የሚጠጣው ሲመሽ ይተኛል።"

ብርጭቆው የመጣው ዋናው መንገድ ላይ ከነበረው አሮጌ ባንክ ነው። ባንኩ ሲፈርስ ገንዘብ ተቀባዮቹን ይጋርድ የነበረውን፣ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለውን ብርጭቆ ሳረል በጋሪ ጭኖ አመጣው። ሲቆረጥ አሥራ ስምንት ክብ ወጣው። ሌኒ ቆጠረች። ሦስቱ ከታች ተቀምጠው ሌላውን የሚሞርዱ ሆኑ፤ አገልግለው ሲያበቁ ለበር ማቆሚያ ዋሉ። አሥራ አምስቱ ግን እያንዳንዳቸው መስታወት ሊሆኑ ነው።

ሥራው የሚሠራው ኩሽና ነው። ግቢው ነፋስ አለው፣ ነፋሱ አቧራ አለው፣ አንዲት ቅንጣት አቧራ ደግሞ የስድስት ወር ልፋት ትጭራለች፤ እንደሱ አባባል። ስለዚህ አሸዋ የሞላ በርሜል ከምድጃውና ከጠረጴዛው መሀል ተተከለ። አንዱ ብርጭቆ በርሜሉ ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ከላዩ ይቀመጣል፣ በሁለቱ መሀል ጥቁር ደቃቅ አሸዋና ውሃ ይገባል፣ ሳረል የላይኛውን ወዲያና ወዲህ እየገፋ በርሜሉን ይዞራል። ሽርርር፣ ሽርርር። ቀኑን ሙሉ ይዞራል። ሌኒ ወደ ምድጃው ለመሄድ ከፈለገች ድስቷን ይዛ፣ ባቡር እንደሚያሳልፍ እግረኛ፣ እሱ እስኪያልፍ ቆማ ትጠብቃለች።

ቀጥሎ ደግሞ ማለስለሱ አለ። ለዚህ ቅጥራን ይቀልጣል፤ የቀለጠው በሾርባ ድስቷ ነው። ድስቱ ዳግመኛ ሾርባ አልሠራም። የሚያለሰልሰው ቀይ ዱቄት ፎጣዎቿን ሁሉ ቀይ አድርጓቸዋል። ፓስተር ካምፈር አንድ ጊዜ ሊጠይቋቸው መጥተው እጃቸውን ሊያደርቁ ፎጣውን ሲያነሡ፣ "ማን ነው የተጎዳው?" ብለው ነበር።

እንዲህ ተለፍቶ፣ ወራት አልፎ፣ መስታወቱ ደረሰ ሲባል ሳረል የመተላለፊያውን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ አንድ ትንሽ መብራትና አንድ ምላጭ ይዞ ይቀመጥና፣ ከመስታወቱ የሚመለሰውን ብርሃን በምላጩ ጫፍ እየከለለ ቅርጹን ይመረምራል። ያን ጊዜ በቤት ውስጥ መራመድ ክልክል ነው፤ አየር ይንቀሳቀሳል። ሻይ ማፍላት ክልክል ነው፤ አየር ይሞቃል። ሌኒ ኩሽና ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ከዚያ ከጨለማው ድምፅ ይመጣል።

"ጠርዙ ወድቋል።"

ሌኒ የምን ጠርዝ እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። የት እንደወደቀም አልጠየቀችም። ጠርዙ ወደቀ ማለት ሌላ አዲስ ብርጭቆ በርሜሉ ላይ ይወጣል ማለት እንደሆነ ብቻ ታውቃለች። የወደቀው ደግሞ አይጣልም፤ ቁጥሩ በተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል። ወይም ሥራ ይፈለግለታል። የኋላዋ ትንሽ ክፍል በብርጭቆ፣ በአሸዋና በቆርቆሮ ቱቦ ስለሞላች የሌኒ የስፌት መኪና አሥራ አንድ ዓመት ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ ይኖራል። አንዳንዴ ቀና ብላ ታየዋለች።

አሥራ አምስተኛው የባንኩ ብርጭቆ የመጨረሻው ነበር። ከዚያ ወዲያ ክብ የለም። ስምንት ወር ፈጀበት። ሳረል በዚህኛው ላይ ሲዞር እንኳ ቀስ ብሎ ነበር፤ እንደ ቅዳሴ። ባለፈው ሳምንት ብርድ ልብሱን ጋርዶ አየውና ከጨለማው ምንም ድምፅ አልመጣም። ሌኒ ጠበቀች፣ ጠበቀች። በመጨረሻ ወጥቶ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ።

"አልወደቀም" አለ። ዓይኑ ረጥቦ ነበር።

ዓርብ ሳምንት ሬጂ ወደ ጆሃንስበርግ ይሄዳል። መስታወቱን ይዞ ሄዶ፣ የሚያብረቀርቀው አሉሚኒየም ይቀባለታል። ከዚያ በፊት ሳረል ለመጨረሻ ጊዜ ሊያየው ፈለገ። ብርጭቆ ግን በእጅ ሙቀት ይለወጣልና ማረፍ አለበት ብሎ ጓዳው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። አጠገቡም ለማስተያየት ብሎ በቅርቡ ተቀብቶ የመጣውን አሥረኛውን አኖረ።

"ጥሩው እያረፈ ነው" አላት።

"ይረፍ" አለች ሌኒ። "በዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ ይረፍ።"

በማግስቱ ዓርብ ሳረል ብሪትስታውን ለቀብር ሊሄድ ጥቁር ኮቱን እየለበሰ ሳለ ሱዛራ በጓሮ በር ገባች። ሱዛራ ቡይሰን ደረቷ ሰፊ፣ ድምፅዋ ከደረቷ የሰፋ ሴት ናት፤ ኬኳን የማያውቅ የለም።

"ሌኒ! አለሽ?"

"የት እሄዳለሁ?"

"ነገ ባዛር ነው፣ እኔ ኬኬን የማስቀምጥበት አጣሁ። ሽሮፑ ይፈሳል። ባለፈው ዓመት ጉንዳን ሽሮፔን ተከትሎ እስከ ፓስተሩ ጫማ አልደረሰም? ዙሪያው ከፍ፣ መሀሉ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር የለሽም?"

ሳረል የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ ሳቀ። "በዚህ ቤት ጎድጎድ ያለ ነገር ሞልቷል። ከትርፎቹ አንዱን ስጫት፣ ሌኒ። ጥሩውን ብቻ እንዳትነኪ።"

"ዓይን አለኝ፣ አንተ ሰው። ሂድ መኪናው ጥሎህ እንዳይሄድ።"

ሌኒ ጓዳ ገባች። መደርደሪያው ላይ ሁለት ክብ ተቀምጧል። አንዱ እንደ አዲስ ብር ያብረቀርቃል። ሌላው ድፍን ብርጭቆ ነው፣ ልክ በር እንደሚያቆሙት። ሌኒ የሚያብረቀርቀውን በጣቷም ሳትነካ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ድፍኑን አነሳችና ለሱዛራ ሰጠቻት። ጥንቃቄዋን አይታ ራሷን አመሰገነች።

ሳረል እሁድ አምሽቶ ተመለሰ። ሰኞ ቁርስ ላይ ገንፎውን እየበላ፣ "ዛሬ አየዋለሁ። በደንብ አርፏል" አለ።

"ሲያብረቀርቅ ያምራል" አለች ሌኒ፣ ደስ እንዲለው።

"የቱ?"

"ጥሩው ነዋ።"

"ጥሩው ገና ምን ያብረቀርቃል! ገና አልተቀባም። የሚያብረቀርቀው አሥረኛው ነው፤ እሱማ ጠርዙ የወደቀ ነው። ጥሩው ድፍኑ ነው።"

የሌኒ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

"ድፍኑ" አለች።

"ድፍኑ። ምነው?"

"ምንም። አንተ ብርድ ልብሶቹን ስቀል። በደንብ ስቀላቸው፣ ባለፈው ብርሃን ይገባ ነበር።"

እሱ ብርድ ልብሶቹን ሚስማር ላይ ሲያንጠለጥል እሷ በጓሮው አጥር ቀዳዳ ሾልካ ሱዛራ ኩሽና ደረሰች። አሥራ አንድ ዓመት ያልሮጠችውን ሮጠች።

"ብርጭቆው!"

"የምን ብርጭቆ?"

"የኬኩ!"

"አይ፣ እሱማ ከኬኩ ጋር ሄደ" አለች ሱዛራ ሊጥዋን ሳትለቅ። "ኬኩ በጨረታ ወጣ፣ ሚስስ ካምፈር አሸነፉ። 'ከነማቅረቢያው ነው?' አሉኝ፣ የፓስተር ሚስት ሲጠይቁሽ ምን ትያለሽ? 'ከነማቅረቢያው' አልኩ። የበር ማቆሚያ አይደል እንዴ?"

"ስምንት ወር የለፋበት ነው።"

ሱዛራ እጇን ከሊጡ አወጣች። "ወይ አምላኬ! እሳቸው ደግሞ ዛሬ ጠዋት ለሴቶች ስብሰባ ቪክቶሪያ ዌስት ሄደዋል። ሐሙስ ነው የሚመለሱት። ፓስተሩም አብረው ሄደዋል፣ ቤቱ ዝግ ነው።"

ሌኒ ተመልሳ አልጋ ሥር ገባች። ከጥቅልሎቹ መሀል አሥራ አንድ የሚል የተጻፈበትን ፈታች፤ እሱም ሳይቀባ የቀረ ድፍን ነው። ልክ ያን ይመስላል። ጓዳው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችውና ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተተች። እስከ ሐሙስ ነው፣ አለች ለራሷ። ሐሙስ አመጣዋለሁ፣ እቀይረዋለሁ፣ ማን ያውቃል?

ሳረል ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ይዞ ወደ ጨለማው ገባ። ሌኒ ወንበሯ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ረጅም ጊዜ አለፈ።

"ሌኒ።"

"አቤት።"

"ጠርዙ ወድቋል።"

ሌኒ ምን ትበል፣ አሥራ አንደኛውን ሲያይ ያኔም ያለው ይህንኑ ነበር።

ሳረል አውጥቶ ዳግመኛ አሳረፈው፣ ከሰዓት በኋላ ዳግመኛ አየው። በሦስተኛው ሲወጣ ብርድ ልብሶቹን እያወረደ ነበር።

"ብርጭቆ በአንድ ሳምንት አይወድቅም" አለ፣ ቀስ ብሎ። "እኔ ነኝ ያላየሁት። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ሆኖ እኔ ደህና ነው እል ነበር። ዓይኔ አልቋል፣ ሌኒ።"

"ዓይንህ ምንም አልሆነም።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ?"

እውነቱን ነው፣ ምን ታውቃለች? ሳረል ስልኩን አንሥቶ ሬጂን ጠራው። "ዓርብ አትምጣ" አለው። ሬጂ በወዲያ በኩል፣ "ኦም ሳረል፣ እስቲ እኔ ልየው?" ሲል ለሌኒም ይሰማታል። "ምን ታየዋለህ? ሽማግሌ የሠራው ነው" ብሎ ዘጋው።

ማክሰኞ ጠዋት በርሜሉን ራሱ እያንከባለለ ወደ ግቢ አወጣው። አሸዋውን ዶሮዎቹ መሀል ደፋው። ቱቦዎቹን ከኋላዋ ክፍል አውጥቶ አጥሩ ሥር ደረደረ። "የስፌት መኪናሽን ላውርድልሽ?" አላት፤ አወረደላትም።

ሌኒ ደስ አላት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አላት። ድስቷን ይዛ በቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደች፤ መሀል መንገድ ላይ እግሯ በልማድ ቆሞ የማያልፍ ሰው ጠበቀ። ከሰዓት በኋላ የኋላዋ ክፍል ገብታ ሁለት የትራስ ልብስ ሰፋች። ሐሙስ ብርጭቆው ተመልሶ ቢመጣ ይሄ ሁሉ ይቀራል። ባይመጣስ? ማንም አልዋሸም። ዓይኔ አልቋል ያለው ራሱ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሳረል ኩሽና ውስጥ ቆሞ መደርደሪያዋን ያያል።

"ስኳሩ ከጨው በላይ ለምን ተቀመጠ?"

"ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ ነው ያለው።"

"ስኳር በብዛት የምትጠቀሚ ከሆነ ታች መሆን አለበት። እጅሽ ያጥራል።"

ቆርቆሮዎቿን እንደ ቁመታቸው አሰለፋቸው። በርበሬውን ከሻይ ቅጠሉ ኋላ ደበቀው። የውፍረት መለኪያውን፣ ካሊፐሩን፣ ከሥራ ኮቱ ኪስ አውጥቶ የቆረጠችውን ዳቦ ለካ።

"ይሄ አሥራ አራት ሚሊሜትር ነው። ያኛው አሥራ ሰባት።"

"ሁለቱም ይበላሉ።"

"ይበላሉ፣ ግን ለምን አሥራ ሰባት?"

የምድጃው በር ሲከፈት ይጮሃል ብሎ ፈታታው፤ ምሳ ቀዝቃዛ በሉ። ሱቅ ስትሄድ ተከትሏት ሄዶ ለባለሱቁ ሚዛንህ ያዘነብላል አለው፤ ባለሱቁ ሌኒን፣ "ታንት ሌኒ፣ ነገ ብቻሽን ነይ" አላት። ሱዛራ አጥሩ ላይ ተደግፋ ሁሉንም ታያለች።

"እንዴት ነው፣ ነፃነት?"

"ዝም በይ።"

"የኔው ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀረው። የትርፍ በርሜል አላችሁ?"

ይሄን ሁሉ ሌኒ ትችለው ነበር። ሰው ከወንድ ጋር ሃያ ሰባት ዓመት ሲኖር የማይችለው የለም። ያልቻለችው ማታ ማታውን ነው። በፊት ፀሐይ ስትጠልቅ ሳረል ግቢው ቧንቧ አጠገብ ቆሞ የመጀመሪያዋ ኮከብ እስክትወጣ ይጠብቅ ነበር፤ ሌኒ ለእራት ሦስት ጊዜ ተጣርታ፣ ተሳድባ ነው የምታስገባው። ረቡዕ ግን ገና ሳትጠራው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀምጧል።

"ሬዲዮ ላይ ምን አለ?" አላት።

"ወጣ ብለህ አየሩን አታይም?"

"ምን ያደርግልኛል?"

ሌኒ ሳህኑን አስቀመጠችለት። ዳቦውን አስተካክላ ነበር የቆረጠችው፤ አልለካውም።

ሐሙስ ባዶ እጅ መሄድ ስለማይሆን ሰባተኛውን ከነትራስ ልብሱ አቅፋ ፓስተሩ ቤት ሄደች። ሚስስ ካምፈር ራሳቸው ከፈቱላት። አጭር፣ ኮፍያ የሚወዱ፣ ነጥቀው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ብርጭቆው ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ነበር። የመጨረሻዋ የኬክ ቁራሽ መሀሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ሽሮፑ ጎድጓዳው ውስጥ ተኝቷል፣ ከመሀል እስከ ጠርዝ ደግሞ አንድ ቀጭን ጭረት አለ። ቢላ የሄደበት።

"ሚስስ ካምፈር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ብርጭቆ በስህተት ነው የወጣው። የሳረል ነው።"

"እህት ሌኒ! በጨረታ ያሸነፍኩትን?"

"ሌላ አመጣሁልዎ። የሚያብረቀርቅ።"

ትራስ ልብሱን ገለጠችው። ሚስስ ካምፈር ኮፍያቸውን ሊያስተካክሉ ጎንበስ ብለው አዩ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ አገጫቸው ሄደ።

"ይሄ የማነው?"

"የርስዎ ነው፣ ሚስስ ካምፈር።"

"ውሰጂልኝ!"

ሌኒ ልታዞረው ስትል የመስኮቱ ብርሃን መስታወቱ ላይ ወደቀና ጨለም ባለው የሳሎኑ ጥግ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጥቅስ ቦግ ብሎ በራ። ሚስስ ካምፈር ጥቅሱን አዩ። መስታወቱን አዩ።

"እህት ሌኒ፣ ከመድረኩ በላይ ያለው አምፖል ከፋሲካ ጀምሮ እንደተቃጠለ ታውቂያለሽ? መሰላል የሚወጣ ጠፍቶ ፓስተሩ በየሳምንቱ መስመር ይዘላል።"

ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታቸው አጠገብ ነው። ሰባተኛውን ይዘው ሄዱና ከመድረኩ ሁለት እርምጃ ኋላ፣ የአበባ ማስቀመጫው ላይ አቆሙት። የመስኮቱ ብርሃን ተመልሶ የፓስተሩ መጽሐፍ ላይ እንደ ቀትር ፈሰሰ። ሚስስ ካምፈር እጃቸውን አጨበጨቡ።

"አንድ ነገር ብቻ" አለች ሌኒ። "ፀሐይዋ ራሷ በዚያ መስኮት ስትመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ነው። መጋረጃዬን አቃጥሏል።"

"ስንት ሰዓት ላይ ትመጣለች?"

ሌኒ መስኮቱን አየች። "አምስት ሰዓት ከሩብ ገደማ።"

"ፓስተሩ አምስት ሰዓት ላይ ይጨርሳል" አሉ ሚስስ ካምፈር።

ሁለቱም ወለሉን አዩ። ፓስተር ካምፈር በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አምስት ሰዓት ላይ ጨርሰው አያውቁም።

ሳረል ኩሽና ተቀምጦ የሻማ ቁርጥራጮቿን በርዝመት እየለየ ነበር። ሌኒ ብርጭቆውን በዕቃ ማድረቂያ እንደተጠቀለለ ከፊቱ አስቀመጠችው። ለመቀየር ጊዜ ነበራት፤ ጓዳው ሦስት እርምጃ ነው። ግን ደክሟት ነበር። ውሸትም ጉልበት ይፈልጋል።

ጨርቁን ገለጠው። ወደ መስኮቱ አዘነበለው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ከሚስስ ካምፈር። ከኬክ ሥር።"

ሁሉንም ነገረችው፤ ቆማ፣ ሽርጧን ይዛ። ሳረል አላቋረጣትም። ስትጨርስ፣ "እንግዲህ ሰኞ ያየሁት..." አለ።

"አሥራ አንደኛውን ነው።"

"ጠርዙ የወደቀውን።"

"አንተ ነህ ያልከው። ያኔም፣ ሰኞም።"

ሳረል ካሊፐሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ስለዚህ ዓይኔ ደህና ነው።"

"ነግሬህ ነበር።"

"ሦስት ቀን!" ብሎ ተነሣ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። "ሦስት ቀን ሙሉ የዳቦ ቁራሽ ስለካ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ! ጥሩውን እንዳትነኪ አላልኩሽም?"

"አልነካሁም! የሚያብረቀርቀውን በጣቴ ጫፍ አልነካሁም! በዚህ ቤት ድፍን ብርጭቆ ሁሉ በር ያቆማል፤ ከበር ማቆሚያዎቹ መሀል ጥሩው ይሄ ነው ብለህ መቼ ነገርከኝ?"

ሳረል ዞሮ በሩን ያቆመውን ድፍን ብርጭቆ አየ።

"ነግረኸኝም ይሆናል" አለች ሌኒ፣ ወንበሩን እያነሣች። "አልሰማሁህም ይሆናል። ቢላውም ጭሮታል፣ ያውልህ።"

ጭረቱን በጣቱ ጥፍር ሄደበት። "ይሄ ምንም አይደለም። ጭረት የሚሰርቀው ብርሃን አንድ ፀጉር ነው። ዋናው ቅርጹ ነው።" ከዚያ አሸተተው። ፊቱ ተለዋወጠ። "ሽሮፕ ነው?"

"የሱዛራ።"

በለብ ያለ ውሃ አጠበው። አሳረፈው። ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብሶቹን ሰቀለ፤ ሌኒ ኩሽና ወንበሯ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ረጅም ጊዜ አለፈ። ከጨለማው ምንም አልመጣም።

"ሌኒ። ነይ እስቲ እይው።"

በአሥራ አንድ ዓመት ጠርቷት አያውቅም። እየዳበሰች ሄዳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ምላጩን ዓይኗ አጠገብ ያዘላት። ከመተላለፊያው ወዲያ ጫፍ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ክብ ግራጫ ነገር በርቶ ቆሟል። ጠፍጣፋ የነበረው ብርጭቆ አብጦ፣ ለስልሶ፣ መሀሉ ጎድጎድ ብሎ፣ ብርሃኑ ከጎኑ መጥቶበታል። አንዲት ቀጭን መስመር አለችበት፤ የቢላዋ።

"ሊጥ ይመስላል" አለች። "በደንብ የተቦካ፣ መሀሉን በአውራ ጣት የተጫነ።"

"ልክ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት" አለ ሳረል።

"ያኛው፣ አሥራ አንደኛውስ?"

አመጣላት። አየችው፤ የዚህኛው ሊጥ ዳር ዳሩ ቁልቁል ፈሶ ነበር። "እህ። ይሄኛው ጠርዙ ወድቋል።"

ሳረል ጨለማው ውስጥ ሳቀ፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው። ሳረል ማታውኑ ደውሎ ስለ ጠራው፣ ዓርብ ጠዋት ሬጂ መጣና ብርጭቆውን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወሰደው። ሳረል ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጥሩ ብሎ ጽፎበት ነበር። በርሜሉ ተመልሶ ሲገባ ሌኒ የኋላዋ ክፍል በር ላይ ቆመች።

"የስፌት መኪናዬ አይወጣም።"

"አይወጣም" አለ ሳረል። "ቱቦዎቹ ግቢ ይደሩ።"

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፓስተር ካምፈር ብርሃን ስላገኙ አንድም መስመር አልዘለሉም፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የጀመሩት ስብከት አምስት ሰዓትን አልፎ ገና የዮናስ መርከብ ላይ ነበሩ። ሱዛራ ታዛጋለች። ሌኒ መስኮቱን ታያለች። የፀሐይዋ ጠርዝ ብቅ አለ። ሚስስ ካምፈርን በዓይኗ ፈለገቻቸው፤ ኮፍያቸው ሥር እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

መጀመሪያ የፓስተሩ ወረቀት ላይ አንዲት ደማቅ ነጥብ ታየች። ከዚያ ቀጭን ጭስ ተነሣ። ፓስተሩ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ "እሳት ከሰማይ" ሲሉ ወረቀቱ ቦግ አለ።

ሰው ሁሉ ተነሣ። ፓስተሩ ወረቀቱን በመዝሙር መጽሐፍ እየመቱ ሳለ ሱዛራ የአበባውን ውሃ ደፋችባቸው። ሌኒ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሳረል ግን አልተነሣም። አንገቱን አስግጎ፣ አሁን መድረኩ እንጨት ላይ ያረፈችውን ደማቅ ነጥብ ያያል፤ ብርሃኑ ሁሉ እዚያች ተሰብስቧል፤ ክብ ናት፣ ትንሽ ናት፣ የእህል ፍሬ አታክልም።

"አየሽው፣ ሌኒ?" አላት በጆሮዋ። "ሰባተኛው የወደቀው ጠርዙ ነው እንጂ መሀሉ ደህና ነበር።"